ኬሚካል ሲፈስ «ጽዳት ጥሩ!» አይባልም

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን የላከችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰበረ። ሽታው ዓይን ያቃጥል ነበር። ረዳቱ መስኮት ከፈተና «ጽዳት ጥሩ!» አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ወለወለችው፣ ትምህርቱም ቀጠለ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ራስ ምታቷ እስከ ማታ ስላልለቀቃት ምን መውሰድ እንዳለባት ነው።

ለራስ ምታቱ መልሼላታለሁ። እኔን ያሳሰበችኝ ግን ሌላዋ ሴት ናት፣ ስለሷ የጠየቀ ሰው የለም። የፈሰሰው ምን እንደሆነ ነግረዋት ይሆን? እጇ ላይ ምን አድርጋ ነበር? መወልወያውን ያጠበችበትን ውሃ የት ደፋችው? ማታ ቤቷ ገብታ ስትስል አደረች ወይስ ደህና ናት? በዚያው መወልወያ በነጋታው ሽንት ቤቱን በበረኪና አጥባበት ቢሆንስ?

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ካምፓስ ውስጥ ኬሚካል ሲፈስ መጀመሪያ መጠራት ያለበት ስለዚያ ኬሚካል ከሁሉም የበለጠ የሚያውቀው ሰው ነው። እኛ አገር ግን የሚጠራው ከሁሉም ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። ይሄ የሥራ ክፍፍል አይደለም፣ ጉዳቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው።

«ኧረ ዶክተር፣ አንድ ጠርሙስ እኮ ነው» ለምትሉኝ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በርሊንግተን በምትባል ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ወለል ላይ አሲድ ያለበት ማጽጃ ፈሰሰ። ቆይቶ ሌላ ሠራተኛ፣ ይህን ሳያውቅ፣ ወለሉን ለማጠብ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለበትን ማጽጃ ደፋበት። ፈሳሹ አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ደፈቀ። ሠራተኛው ዓይኑና ትንፋሹ ሲያቃጥለው ጥሎ ወጣ። የ32 ዓመቱ ማናጀር ግን «እኔ ላጽዳው» ብሎ ገባ፣ ፈሳሹን እየገፋ ወደ ውጭ ለማስወጣት ሞከረ። ማናጀሩ ሞተ። ከአስር በላይ ሰዎችም ሆስፒታል ገቡ።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ሳይነካ የወጣው ተረፈ፣ ሊያጸዳ የገባው ሞተ።

ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ማለት በየቤታችን ያለው በረኪና ነው። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቀቃል። ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወለል ወለሉን ነው የሚሄደው። አጎንብሳ የምትወለውል ሴት አፍና አፍንጫዋ የት እንደሆነ አስቡት። ጋዙ የመተንፈሻ አካል ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ራሱ አሲድ ይሆናል፣ ጉሮሮንና ሳንባን ያቃጥላል። ለዚህ ላብራቶሪም አያስፈልግም። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ «ቶሎ እንዲያጸዳ» ብለው የሚቀላቅሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። በረኪና ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ያወጣል። በረኪናን ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አትቀላቅሉ፣ በቃ።

አሁን ወደ ድንገተኛ ክፍል ልውሰዳችሁ። አንዲት እናት በሳልና በትንፋሽ ማጠር መጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን እተወዋለሁ፣ የመሥሪያ ቤታቸውም ስም ይቅር። የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። «እማማ፣ ምን ነበር ያጸዱት?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ጥረጊው አሉኝ፣ ጠረግሁት» አሉኝ። ጠርሙሱስ? ተጥሏል። ያዘዛቸው ሰውዬ ስልክ? የላቸውም። ደግነቱ ኦክስጅንና ትንፋሽ የሚከፍት መድኃኒት ሰጥተን፣ አድረው፣ ደህና ሆነው ወጡ። ምን እንዳጸዱ ግን እስከዛሬ አላወቅንም።

«ውሃ የመሰለ ነገር» ለሐኪም ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ሰልፈሪክ አሲድ ውሃ ይመስላል። አሴቶን ውሃ ይመስላል። ፎርማሊን ውሃ ይመስላል። አሞኒያም እንደዚያው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ውሃ ይመስላል፣ እሱ ደግሞ ክፉ ነው። መጀመሪያ ብዙ ላያምም ይችላል፣ ቁስሉም ትንሽ መስሎ ይታያል፣ ውስጥ ገብቶ ግን የደምን ካልሲየም ይጨርስና ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ስሙን ካወቅን ወዲያው እንሰጣለን፣ ካላወቅን «ቀላል ቃጠሎ» ብሎ ቅባት ሰጥቶ የሚሸኝ ሐኪም ሊያጋጥም ይችላል። የግብርና ካምፓስ መጋዘን ውስጥ ያለ ጸረ ተባይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ላብ፣ ለሃጭ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ይታያል፣ የሚያስፈልገውም አትሮፒን ነው። ለሁሉም አንድ መርፌ የለንም። ስም ነው የምንፈልገው።

ስለዚህ ስልክ ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። ኬሚካል ሲፈስ ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ልማድ ሆኗል። ቪዲዮው ለቲክቶክ ይሆን ይሆናል፣ ለእኔ አይጠቅመኝም። የሚጠቅመኝ የጠርሙሱ መለያ ፎቶ ነው። ያውም ወደ ጠርሙሱ ሳትጠጉ። ያው ዓይነት ሌላ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ወይም ስቶር ውስጥ ካለ የእሱን አንሱት። ቀይ ጠርዝ ያለው ዳይመንድ ምልክትና ስሙ ከታየ ይበቃል። ፎቶውን ከታማሚው ጋር ወደ ሆስፒታል ላኩት፣ በቴሌግራምም ቢሆን።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ክፉ ልማድ አለን፤ ኬሚካልን በሃይላንድ መገልበጥ። ከትልቁ ጀሪካን ላይ ቀንሶ በውሃ ፕላስቲክ፣ ያለ ስም፣ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። ሃይላንድ የያዘውን ሁሉ ውሃ ያስመስለዋል። የተጠማ ሰው ይጠጣዋል፣ ጽዳት ያገኘችው ደግሞ ማጠቢያ ውስጥ ትደፋዋለች። ካምፓስ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ዲግሪው ምንም ይሁን ምን ሊጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

እሺ፣ ፈሰሰ እንበል። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ውጡ። «ልይ፣ ላሽት» የለም። እየወጣችሁ ጮክ ብላችሁ አስጠንቅቁ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ ማንም እንዳይገባ በር ላይ ሰው ይቁም። አሴቶን፣ ኢተር፣ አልኮል የመሰለ የሚቀጣጠል ነገር ከሆነ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፣ የማብሪያ ማጥፊያው ብልጭታ ይበቃዋል። ወድቆ የቀረ ሰው ካለ ሮጦ መግባት የኛ አገር ደም ነው፣ ይገባኛል። ግን ጋዝ ባለበት ቤት ውስጥ አንዱን ሊያወጣ ገብቶ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ሊያወጣ ገብቶ ሦስተኛው የሚወድቅበት ታሪክ በየአገሩ በየጉድጓዱና በየታንከሩ የተደጋገመ ነው። የሚገባው መከላከያ የለበሰና የሠለጠነ ሰው ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ቶሎ መጥራት ነው።

ከወጣችሁ በኋላስ የት ነው የምትሄዱት? ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሐዋሳ ላላችሁ ቀላል ምሳሌ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጉዱማሌ ሄዳችሁ ዛፍ ሥር ስትቀመጡ፣ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል መጥቶ ፊታችሁን ሲነካ ይሰማችኋል። እዚያ አንድ ነገር ቢተን ነፋሱ ወደ ከተማው ነው የሚገፋው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ወደ ቤቱ፣ ወደ ከተማው ይሮጣል፣ ማለትም ከጋዙ ጋር አብሮ ይሮጣል። መሆን ያለበት በሐይቁ ዳር ዳር፣ ወደ ጎን ወጥቶ ከነፋሱ መንገድ መራቅ ነው። በየትኛውም ካምፓስ ሕጉ ያው ነው። የባንዲራውን ወይም የዛፉን ቅጠል እዩና ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ሂዱ፣ ዝቅ ያለ ቦታም አትቁሙ። በፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው «ውጡ» ማለት ብቻ እንደማይበቃ ያውቃል። ሰው ወዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ መነገር አለበት። በካምፓሳችሁ የመሰብሰቢያ ቦታው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ ተማሪ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም።

አሁን ሰውነት ላይ ወይም ልብስ ላይ ከነካ። ልብስ አውልቁ። ነውር አይደለም። አብዛኛው ኬሚካል ልብስ ላይ ነው የሚቀረው፣ አውልቆ መጣል ብቻውን ግማሽ ሕክምና ነው። በጭንቅላት የሚወልቅ ሹራብ ከሆነ በመቀስ ቁረጡት፣ ፊት ላይ እንዳይጎተት። ዱቄት ከሆነ፣ ለምሳሌ ኖራ፣ መጀመሪያ በደረቁ አራግፉት፣ ከዚያ ነው ውሃው። ፈሳሽ ከሆነ በቀጥታ በሚወርድ ብዙ ውሃ ቢያንስ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ሰዓት እያያችሁ። 20 ደቂቃ ቆማችሁ ሞክሩት፣ በጣም ረጅም ነው፣ ሰው ሁለት ደቂቃ ታጥቦ «በቃኝ» ይላል። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለው ደግሞ ከአሲድም ይብሳል፣ ሥጋን እያሟሟ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከዚያም በላይ መታጠብ ይፈልጋል። ዓይን ከሆነ ሽፋሽፍቱን በጣት ከፍታችሁ ያዙ፣ ሌንስ ካለ አውጡ፣ ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይፍሰስ። አትሹ። «አሲድ ከሆነ ቤዝ ልጨምርበት» የሚል የኬሚስትሪ ተማሪ አይጠፋም። ሰውነት ላይ አይደረግም፣ ሙቀት ይፈጥርና ቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ይጨምራል። ቅቤ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ የጡት ወተት፣ ሁሉም ይቅር።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ አንዲት የ23 ዓመት የምርምር ረዳት አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ኬሚካል በስሪንጅ ስትቀዳ የስሪንጁ መግፊያ ወጣ። ሰው ሠራሽ ክር ሹራብ ለብሳ ነበር፣ ጋዋን አልነበራትም። እሳቱ ልብሷ ላይ ተያያዘ። ሻወሩ እዚያው ክፍል አጠገብ ነበር፣ ግን ጥቅም ላይ አልዋለም። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። ያ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ሀብታም ከሚባሉት ነው። ሻወር መኖሩ ብቻ እንደማያድን ያሳያል፣ እግር ራሱ ወደዚያ እንዲሮጥ ልምምድ ይፈልጋል።

የኛ ችግር ደግሞ ከዚያ አንድ ደረጃ ወረድ ይላል። ሻወሩ ግድግዳ ላይ አለ፣ ሰንሰለቱም አለ፣ ውሃ የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከቧንቧ ጋር በቀጥታ የተገናኘ የአደጋ ሻወር ጌጥ ነው። ለላብራቶሪው ብቻ የሚሆን፣ ሁልጊዜ የሚሞላ ሮቶ ከጣራ በላይ ማስቀመጥ ስንት ያወጣል? ለአንድ ወርክሾፕ ሻይ ቡና ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም። ሮቶው እስኪመጣ ድረስ እንኳ ንጹሕ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች በር አጠገብ ይቀመጡ።

ወተት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ስጽፍ ከወዲሁ የሚመጣው ኮመንት ይታየኛል። በኛ አገር ወተት የመርዝ ሁሉ ማርከሻ ተደርጎ ይታመናል። ለቀለም ቀቢ፣ ለማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ ለላብራቶሪ ሰው በየቀኑ ወተት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ወተት ምግብ ነው፣ ጠጡ። ግን የጠጣችሁት ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ የተነፈሳችሁት ጋዝ ወደ ሳንባ። አይገናኙም። እኔን የሚያናድደኝ ወተቱ የጓንትና የጭንብል ምትክ ሆኖ መቅረቡ ነው። ሠራተኛዋ ግማሽ ሊትር ተሰጥቷት «ተጠብቀሻል» ትባላለች። የዋጠ ሰው ካለም በግድ አታስመልሱት፣ አሲድ ወይም በረኪና ሲወጣም ዳግም ያቃጥላል። ምንም በግድ ሳትግቱ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል።

ማስክም እንደዚሁ ነው። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው ማስክ ጋዝ አያቆምም። ኤን 95ም ብናኝ ነው የሚያጣራው፣ የፎርማሊን ወይም የክሎሪን ጋዝ በመካከሉ ያልፋል። ለጋዝ የሚሆነው ለዚያ ኬሚካል የተሠራ ማጣሪያ ያለው ሌላ ዓይነት ጭንብል ነው። ጓንትም ጓንት ስለሆነ ብቻ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረችው ካረን ዌተርሃን ጥቂት ጠብታ ዳይሜትል ሜርኩሪ ላቴክስ ጓንቷ ላይ ወደቀባት። ጓንቱ ውስጥ በሰከንዶች አልፎ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። ለወራት ምንም አልታወቃትም። በ1997 ሰኔ ላይ ሞተች። በመስኩ የታወቀች ሳይንቲስት ናት፣ ጓንትም አድርጋ ነበር። እኛ ደግሞ ለጽዳት ሠራተኛዋ ያንኑ የመርፌ መውጊያ ጓንት፣ እሱም ከተገኘ፣ እንሰጣታለን።

ሌላ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ «ደህና ነኝ» ማለት ሁልጊዜ ደህና ነኝ ማለት አይደለም። ናይትሪክ አሲድ መዳብ የመሰለ ብረት ላይ ሲፈስ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ሲተነፍሱት ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ሳንባው ውሃ ይቋጥርና ትንፋሹ ያጥራል። ስለዚህ ጋዝ የተነፈሰ ሰው ሳል፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየበት፣ ወይም የጋዙ ዓይነት ካልታወቀ፣ ሐኪም ሳያየው ብቻውን አይደር። ወደኛ ስታመጡት ደግሞ የራሰውን ልብስ አስወልቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ በሌላ ልብስ አምጡት። ኬሚካል የራሰ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ነርሷም፣ አጠገቡ የተኛውም ሕፃን አብረው ይተነፍሱታል።

ማን ያጽዳው ታዲያ? ትንሽ ከሆነ፣ ምንነቱ ከታወቀ፣ ጋዝ ከሌለው፣ የላብራቶሪው ባለሙያ ራሱ ትክክለኛውን ጓንትና መነጽር አድርጎ ያጽዳው። ትልቅ ከሆነ ወይም ካልታወቀ ማንም አያጽዳው፣ ክፍሉ ይዘጋና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሰዎች ይጠሩ። ደረቅ አሸዋ በባልዲ ሁሌ ይኑር። ሰጋቱራ ግን ተጠንቀቁ። ጋራዥ ውስጥ ዘይት ለመምጠጥ የለመድነው ሰጋቱራ ናይትሪክ አሲድ ላይ ሲበተን ሊቀጣጠል ይችላል። ቴርሞሜትር ተሰብሮ ሜርኩሪ ከፈሰሰ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ወደ ብዙ ጠብታ ይበታተንና ትነቱ ይብሳል። መስኮት ከፍታችሁ፣ በጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ፣ በስሪንጅ ወይም በፕላስተር አንስታችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተቱት። እያንዳንዱ ኬሚካል ሲገዛ የደህንነት መረጃ ሰነድ ይመጣለታል፣ 16 ክፍል አለው። ክፍል 4 የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው፣ ክፍል 6 ሲፈስ ምን ይደረግ የሚለው። እነዚህን ሁለት ገጾች አትሞ በር ላይ መለጠፍ ማንንም አያደኸይም። ብዙ ቦታ ግን ሰነዱ ግዢ ክፍል ፋይል ውስጥ ነው ያለው፣ ተቆልፎ።

«በውሃ እጠቡትና ይሂድ» የሚለውም የት ነው የሚሄደው? የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል፣ ከተማው የሚያፈሰውም ይገባል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ማጠቢያ ውስጥ የተደፋ ነገር ከአገር አይወጣም፣ ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ የምንበላበት ሐይቅ ነው መጨረሻው።

አሮጌ ኬሚካልም ሌላ ራስ ምታት ነው። ካምፓሶችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስቶር ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ፣ መለያው የተላጠ ጠርሙስ አይጠፋም። የደረቀ ፒክሪክ አሲድ በመንካት ብቻ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያረጀ ኢተርም እንዲሁ። ክዳኑን «ልይ» ብሎ መክፈት የለም። ማስወገዱም ቀላል አይደለም። ከየመጋዘኑ ከተሰበሰበው ጊዜው ያለፈበት ጸረ ተባይ ውስጥ ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እዚያ ነው የተቃጠለው፣ እዚህ በደህና የሚያስወግድ ማቃጠያ ስላልነበረን። ኬሚካል «ይኑር፣ ይጠቅማል» ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ሲፈስ ደግሞ ማን ላይ እንደሚፈስ በደንብ የሚያሳየው የጅቡቲው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 200 ቶን የሚጠጋ፣ አርሰኒክ ያለበት የእንጨት ማከሚያ ከእንግሊዝ ተጭኖ ወደኛ አገር ሊመጣ ጅቡቲ ወደብ ደረሰ። ለመብራት ምሰሶ ነበር። የታሸገበት ፕላስቲክ ለዚያ ኬሚካል የማይመጥን ስለነበር ወደቡ ላይ ፈሰሰ። ያዘዘው ቢሮ ውስጥ ነው፣ የላከው ባሕር ማዶ ነው። ኬሚካሉ አጠገብ የቆሙት ወደቡ ላይ የሚሠሩት ናቸው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው መከላከያ እንዲሰጥና ስለሥራው አደጋ እንዲያስተምር ያስገድዳል። አደገኛ ቆሻሻን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል። ጽዳት በኤጀንሲ ሲቀጠር ግን ካምፓሱ «የኔ ሠራተኛ አይደለችም» ይላል፣ ኤጀንሲው «ኬሚካሉ የኔ አይደለም» ይላል። እሷ መካከል ላይ መወልወያ ይዛ ቆማለች። ካምፓሱ ነው ተጠያቂው ባይ ነኝ፣ ጠርሙሱን የገዛው እሱ ነውና። ቢያንስ ሁለት ነገር ወዲያው ይደረግ። አንደኛ፣ ለጽዳት ሠራተኞች «ላብራቶሪ ውስጥ የፈሰሰ ነገር አላጸዳም» የማለት መብት በጽሑፍ ይሰጣቸው፣ እምቢ በማለታቸውም ማንም አይቆጣቸው። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያው በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ። እዚህ ሐዋሳ በአማርኛና በሲዳምኛ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ «አደገኛ ነው» የሚጠብቀው ቀድሞውንም የሚያውቀውን ሰው ነው።

ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላላችሁ እሳትና አደጋ 939። ሌላ ከተማ ያላችሁ የከተማችሁን እሳት አደጋ ቁጥር ጠይቃችሁ ላብራቶሪው በር ላይ ለጥፉት።

ካምፓስ ያላችሁ ደግሞ ነገ ላብ ስትገቡ ቴክኒሻኑን አስፈቅዳችሁ ሥሩ ባልዲ አድርጉና የአደጋ ሻወሩን ሰንሰለት ሳቡት። ውሃ መጣ? ስንት ደቂቃ ወረደ? የካምፓሱን ስም ሳትጠቅሱ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሰብስቤ ሳምንት እመለስበታለሁ።